በጠርሙሱ ላይ ያለችው ቅጠል

ተቆጣጣሪዋን ክንዷን የሰበሯት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ያውም በገዛ መሥሪያ ቤቷ ደረጃ ላይ።

ሦስት ነበሩ። አንዱ ፀጉሯን ጨምድዶ ያዘ፤ ሌላው ክንዷን በብረት አደቀቀው። ሦስተኛው ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብሎ «ቅጠሏን መልሺ!» አላት።

ቅጠሏ በፈሳሽ ሳሙና ጠርሙስ ላይ የታተመች አረንጓዴ ምልክት ናት። ከሥሯ «አካባቢን አይጎዳም» ይላል። የተቆጣጣሪዋ ሥራ እንዲህ ያለው ጽሑፍ እውነት መሆኑን ማጣራት ነበር። ውሸት መሆኑን ያወቀችው አንድ የማታውቀው ሰው በስልክ እያንሾካሾከ «እህቴ፣ ከፋብሪካው ጀርባ ያለውን ወንዝ አስመርምሪ» ስላላት ነው። ሄዳ ስታይ ዓሣው ሁሉ ሆዱን ለሰማይ ሰጥቶ ተንሳፍፏል። ውሃውን አስመረመረች፤ ምልክቷ ከየጠርሙሱ እንድትላጥም አዘዘች።

ክንዷን በጄሶ ታስራ ፋብሪካው ሄደች። ባለቤቱ በሩ ላይ ጠበቃት፤ በር የሚሞላ ግዙፍ ሰው ነው። ከንፈሩ አብጧል። ፋብሪካውን የሚያንቀሳቅሱት ሁለት ታናናሽ ወንድሞቹ ከኋላው ግራና ቀኝ ቆመዋል።

«ሰዎቹን የላኳቸው እርስዎ ነዎት» አለችው።

ቀና ብሎ አላያትም። «ሴትዮ፣ ነፍስሽን ከወደድሽ ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳትረግጪ!»

ያን ዕለት ሹክሹክታው እንደገና ደወለ። «ጠርጥረውኛል። እህቴ፣ ከቤት አትውጪ።»

ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የእሷስ ክንድ ይጠገናል፤ ይህ ምስኪን ሠራተኛ ግን በእሷ ጦስ ሊሞት ነው። እንቅልፍ አጣች።

ሁሉንም ለታላቅ ወንድሟ ዘርግፋ ነገረችው። ወንድሟ በያጅ ነው፤ አፉ ዝምተኛ፣ እጁ ፈጣን።

«ባለቤቱ ነው?»

«ሌላ ማን ይሆናል?»

«በቃ፣ አንቺ ዕረፊ።»

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ወንድሟ ብረት ይዞ መውጣቱን ጎረቤት ነገራት። እየሮጠች ፋብሪካው ስትደርስ ባለቤቱ በሩ ሥር ተዘርሯል፤ ወንድሟ ሦስተኛውን ምት እያሳረፈበት ነበር። የሰውየው የራስ ቅል እንደ ሸክላ ተሰነጠቀ። ደሙ ጫማዋ ድረስ መጣ።

«ደምሽን መለስኩልሽ» አላት ወንድሟ፣ እያለከለከ።

ዘገነናት። ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። የስልኩ ሰው ተርፏል።

የባለቤቱ ሚስት ከግቢው ወጣች። የባሏን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አስተኛችና ዓይኑን ከደነችለት። ከዚያ በጄሶ የታሰረውን ክንድ አየች፤ ቀጥላ የተቆጣጣሪዋን ፊት።

«ሲደውልልሽ» አለቻት፣ «ወንድሞቹ እንዳይሰሙት በር የምጠብቀው እኔ ነበርኩ።»