ስድስት ዶሮዎችና አንድ ሳንቃ

አዋላጇ እጇን የዶሮ ቤቱ መቀርቀሪያ ላይ እንዳሳረፈች ቀረች። ውስጥ ስድስቱ ዶሮዎች እርስ በርስ ይነቋቆራሉ። የነጯ ጀርባ ተመልጦ ሥጋዋ ቀልቷል። ሦስት ቀን ሙሉ ተዘግቶባቸው ምን ያድርጉ፤ የሚጭሩት መሬት ሲያጡ አንዷ የሌላዋን ላባ መንቀል ጀመረች።

«እትዬ፣ ኧረ ይልቀቋቸው» አለ ጎረቤቷ ሰዓት ሠሪው፣ ከኋላዋ ቆሞ። በሩን አንኳኩቶ የገባው አሁን ነው። ቅጠሉ አልቆ አገዳው የቀረ ቆስጣ በክንዱ ታቅፏል። «ይኸው፣ ለእኛ እንደሆነ አይሆንም። እነሱ እንኳ ይብሉት ብዬ ነው። ድምፃቸውን ከወዲያ ስሰማ አንጀቴን በሉት።»

ምን ትበል? ያን ቆስጣ እንዲህ ያደረጉት እነዚሁ ስድስቱ ናቸው። የዛሬ ሦስት ቀን ጠዋት፣ የአጥሩ ቆርቆሮ ከሥሩ በተቀደደበት ሾልከው፣ ሰውየው ሁለት ወር ሙሉ ውሃ ያጠጣውን መደብ እንዳልነበረ አደረጉት። የእህል ጣሳዋን እያንቀጫቀጨች ጠርታ የመለሰቻቸው ራሷ ናት። አፋቸው ላይ አረንጓዴው እንኳ አልደረቀም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰዓት ሠሪው መጥቶ፣ ፈራ ተባ እያለ፣ «እትዬ፣ ምናልባት ዶሮዎችዎ…» ብሎ ሳይጨርስ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ «የእኔ ዶሮዎች ከዚህ ግቢ ወጥተው አያውቁም» አለችው። እዚያ ላይ ብታቆም ደግ ነበር። መች አቆመች። «ይልቅ የጓሮ በራችሁን ማን ክፍት እንደተወው ጠይቅ። ፍየል ነው የገባው» ብላ ጨመረችለት። ፍየሉን ከየት እንዳመጣችው እሷም አታውቅም።

ነገሩ ወዲህ ነው። በሰፈሩ ስለ ዶሮ ጭቅጭቅ በተነሣ ቁጥር «ባለቤቷ ሥርዓት ካላት ዶሮዋ የሰው ጓሮ አትገባም» እያለች ሌላውን ስትገስጽ የኖረችው እሷ ናት። የሰፈሩን ልጅ ግማሹን ያዋለደች፣ ቃሏ መሬት ጠብ የማይል ሴት። በቆስጣ ትዋረድ? አልሆነላትም። ያን ዕለት ማታ ቀዳዳው ላይ ሳንቃ መታችበት፣ ዶሮዎቹንም ዘጋችባቸው።

«ጭልፊት ፈርቼ ነው» አለች አሁን፣ ፊቷን ሳታዞር።

«እኔ እጠብቃቸዋለሁ፤ ይኸው ዱላ» ብሎ ከግድግዳው ሥር የመጥረጊያ እንጨት አነሣ። «ቤት እንደሁ አልገባ።»

«ደግሞ ቤት ምን ሆንክ?»

ፈገግ ብሎ አንገቱን አከከ። «ባለቤቴ ካኮረፈችኝ ሦስት ቀኔ። ያኔ ከእርስዎ ጋ እንደተመለስኩ ጮህኩባት እኮ። በሩን ዘግቻለሁ ብላ ማለች፣ በልጆቿ ማለች። እትዬ ይዋሻሉ ወይ አልኳት። ውሸታም አልኳት፣ እናቷ ፊት።»

የአዋላጇ ፊት እስከ ጆሮዋ ጋለ። ይህን አልሰማችም ነበር። ሚስቱ ሁለቱንም ጊዜ በእሷ እጅ ነው የወለደችው፤ ሲያማት እንኳ ሰው እንዳታስቸግር ከንፈሯን የምትነክስ ልጅ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ከከፈተችው ዶሮዎቹ ወዴት እንደሚሄዱ ታውቃለች። ካልከፈተችው ደግሞ ነጯ ነገን አታይም፤ እሱም «ይሁን እትዬ» ብሎ፣ እንዳመናት፣ ይሄዳል። የባሰባት እንዳመናት መሄዱ ነበር። ማን ያውቃል፣ ረስተውት ይሆናል፣ ዶሮ ምን ጭንቅላት አላት፣ እያለች ራሷን አጽናናችና መቀርቀሪያውን ሳበችው።

ገብስማዋ ቀድማ ወጣች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። ሰዓት ሠሪው የዘረጋላቸውን ቆስጣ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። በውሃው በርሜል ጀርባ ዞረው ቀጥ ብለው ወደ አጥሩ ሄዱ። ሳንቃው ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ስድስቱም፣ ቢሮ እስኪከፈት እንደሚጠብቅ ባለጉዳይ ተደርድረው። ገብስማዋ ሳንቃውን ሁለቴ ነቆረችው።

ሰዓት ሠሪው እንጨቱን እንደያዘ ዶሮዎቹን አየ። ሳንቃውን አየ፣ ገና ያልዛገውን ምስማር አየ። ዕድሜውን ሙሉ ጥቃቅን ነገር ሲፈትሽ የኖረ ዓይን ነው።

«ይሄን መቼ መቱት፣ እትዬ?»

«ድሮ ነው» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«ያን ዕለት ማታ» አለች። «የእኔዎቹ ናቸው የበሉብህ። ፍየልም አልነበረ።»

ቢጮህባት በተሻላት። አልጮኸም። እንጨቱን ካነሣበት መልሶ አስደገፈ። ቆስጣውንም ወስዶ ዶሮዎቹ ፊት አስቀመጠላቸው።

«እርስዎ ስላሉኝ ነው እኮ» አለ፣ ለራሱ እንደሚነግር ሁሉ። «ሌላ ሰው ቢለኝ እሷን ነበር የማምነው።»

«እኔው መጥቼ እነግራታለሁ። አሁኑኑ።»

«አይ፣ ይቆዩ። መጀመሪያ እኔ ልሂድ።» እትዬ አላላትም።

ከሄደ በኋላም እሷ ካለችበት አልተነቃነቀችም። ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች፤ ዶሮዎቹን እንኳ ማየት አፈረች። ከአጥሩ ማዶ የጫማው ኮቴ ጠጠሩ ላይ ተሰማ፣ ከዚያ ቆመ። ቀጥሎ በር ተንኳኳ፤ ቀስ ተብሎ፣ እየተፈራ፣ የሰው ቤት እንደሚንኳኳ። የገዛ ቤቱን በር ነበር።