ለሚና የሚሆን ቀለም

«ፍቺው» ትላለች ሶሬቲ። «ዙሌ፣ በናትሽ ሪባኑን ፍቺው።»

ባለሱቋ ዙሌካ መቀሱን እንደያዘች ቀና ብላ ታያታለች። ነገሩን ያመጣችው እሷው ናት። ቅድም ነጩን የሀገር ልብስ እየጠቀለለች «የማን ሰርግ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሶሬቲም «የሥራ ባልደረባዬ፣ ህንዳዊት ናት» ብላ መለሰች። የዙሌካ እጅ እዚያው ቀረ። «ህንድ? ለሙሽራ ነጭ? የህንድ ፊልም አይተሽ አታውቂም እንዴ እህቴ? ባሏ ሲሞትባት አይደል ነጭ የሚያለብሷት? አምባሯን ሁሉ ሰባብረውባት።»

ማየትማ አይታለች። እዚሁ ላፍቶ አድጎ የህንድ ፊልም ያላየ ማን አለ? ልጅ ሆና ጎረቤት ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ፣ ለዚያች ነጭ ለባሽ ሴት ስንቴ አልቅሳለች። ግን ያ ፊልም ነው፣ ይሄ የሚና ሰርግ ነው፤ ሁለቱን አገናኝታቸው አታውቅም። ለቡ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ከሚና ጋር ጎን ለጎን ቆማ ቀለም ስትቀምም የምትውል ሴት፣ እንዲህ ቀለም ይምታታባት?

ሰርጉ ዛሬ ማታ ነው። ሙሽራውም እዚሁ አዲስ አበባ የሚሠራ ህንዳዊ ነው። ውጭ የፋብሪካው ሰርቪስ ቆሟል፤ ባልደረቦቿ ዘንጠው ተቀምጠዋል፤ ሹፌሩ ሕዝቅኤል ክላክሱን ይነፋል። ስጦታውን ምረጪ ያሏት እነሱ ናቸው፤ «ሚናን ካንቺ በላይ የሚያውቃት የለም» ብለው። እሷም ሁለት ጊዜ አላሰበችም። እዚህ ሀገር ነጭ ደስታ ነው፣ ጥቁር ሐዘን ነው፣ አለቀ።

«አታካብጂው እንግዲህ» ትላለች ዙሌካ፣ የተናገረችው ቆጭቷት። «የኛ ሀገር ባህል መሆኑን መቼ አጣችው? ደስ ብሏት ትቀበልሻለች።»

«አልገባሽም። ሌላ ሰው ቢሰጣት ስህተት ነው ተብሎ ይታለፋል። እኔ ስሰጣት ግን…» ሶሬቲ እጇ ላይ ያለውን ቀይ የመስታወት አምባር ታሽከረክራለች፤ ሲጨንቃት እንዲህ ያደርጋታል። «እኔ ገፊ ነኝ ዙሌ።»

ይኸው አወጣችው። አባቷ በተወለደች በዓመቱ ሞተ። ባሏ ኢሉ በተጋቡ በሁለተኛው ክረምት ጀሞ ላይ ከሚሠራበት ፎቅ ወድቆ ቀረ። አማቷ እትዬ ሸጊቱ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንቺ ገፊ፣ ልጄን በላሽው» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ሶሬቲ ሙሽራ ያለበት ቤት አትደርስም፣ አራስ ልጅ አታቅፍም። ማንም ሳይከለክላት ራሷ ትሸሻለች። የሚናንም ሰርግ እቀራለሁ ብላ ነበር፤ ሚና ናት በዚያ ስብርብር አማርኛዋ «አንቺ ካልመጣ እኔ አላገባም» ያለቻት። አሁን በገዛ እጇ መርጣ፣ በገዛ እጇ ይዛ፣ የባል ሞት ልብስ ለሙሽራ ልትሰጥ ነበር። የፈሩት ይደርሳል ይሉ የለ። እዚያው የጨርቅ ጣቃ ላይ ትቀመጣለች።

«እሷም እንደኔ ብትሆንስ?» ትላለች። «ከእሷ ሌላ ማን አለኝ?»

ዙሌካ ነጩን ወደ ጎን ትገፋዋለች። ወንበር ላይ ወጥታ ከላይኛው መደርደሪያ ሌላ ቀሚስ ታወርዳለች። ቀይ ነው፣ ወርቃማ ጥለት ያለው፣ ትናንት ከሸማኔ የመጣ። «በይ ይሄንን እዪ። በፊልሙም ሙሽሮቹ ቀይ ነው የሚለብሱት።»

ሶሬቲ እጇን ትዘረጋለች፤ ሳትነካው መልሳ ትሰበስበዋለች።

«አንቺ ጠቅልይው» ትላለች። «ሰርቪሱ ድረስም አንቺው ውሰጂና ለሕዝቅኤል ስጪልኝ። የኔ እጅ አይንካው።»

«አንቺስ?»

«እኔ ቤቴ እገባለሁ። አሟታል በያቸው።»

«አልወስድም» ትላለች ዙሌካ። «ወላሂ አልወስድም። አንቺን የጠራችሽ ሴት እኔን ምን ታድርገኝ?» እጇን ለቀም አድርጋ ቀሚሱን ልታስይዛት ትስባታለች። ሶሬቲ ወደ ኋላ ትላለች። አምባሩ የጠረጴዛውን መስታወት ይመታል።

«ቀስ፣ እንዳትሰብሪው!» ትላለች ሶሬቲ፣ አምባሩን በሌላ እጇ ሸፍና።

ከል ያወለቀች ዕለት ነው ትዝ ያላት። ዓመቱ ሞልቶ፣ ጥቁሩን ጥላ፣ ነጭ የሀገር ልብስ ለብሳ ፋብሪካ ስትገባ ሰው ሁሉ «እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ» አላት። ሚና ግን ባለችበት ደርቃ ቀረች፤ ከዚያ አለቀሰች። ሶሬቲ የደስታ እንባ መስሏት ነበር። ሚና ይሄን ቀዩን አምባር ከራሷ እጅ አወለቀች፣ የሶሬቲን ጣቶች ሰብሰብ አድርጋ ይዛ፣ እየገፋች እየገፋች አጠለቀችላት። ሶሬቲም «ደግ ልጅ» ብላ አለፈችው።

ለካ ሚና ያን ቀን ባሏ የሞተባት ሴት ነበር ያየችው፣ ሀገሯ ላይ እንደምታውቃት፣ ነጭ የለበሰች፣ አምባሯ የተሰበረባት። አይታ ነው አምባሯን የሰጠቻት። አይታ ነው «አንቺ ካልመጣ» ያለቻት።

ክላክሱ ደግሞ ይጮሃል። «ሶሬ፣ መሸ እኮ» ይላል የሕዝቅኤል ድምፅ ከውጭ።

«መጣሁ» ትላለች። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች።

«ልጠቅልልልሽ?» ትላለች ዙሌካ።

«ተይው፣ እኔው እጠቀልለዋለሁ።»

ቀዩን ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋውና ማጠፍ ትጀምራለች። ባጠፈች ቁጥር አምባሩ መስታወቱን ኳ ያደርገዋል።