የቦሎቄው ምርቃት

ሶረቲ ጥፍር የማታህል የቦሎቄ ቡቃያ ከብልቃጥ አውጥታ በወረንጦ እንደያዘች ትንፋሿን ዋጠች። አዳማ ባለው ቤተ ሙከራ ውስጥ ከአርባ ብልቃጥ የተረፈችው ይህችው ብቻ ናት። ለሻጋታ አንድ ትንፋሽ ይበቃዋል፤ ሠላሳ ዘጠኙን በሦስት ቀን ጥጥ አስመስሎ ጨርሷቸዋል። ድርቅ የሚችለውን ይህን ዘር ከመቂ ገጠር ይዘው የመጡት ኦቦ ሮባ ናቸው፤ ከጎተራቸው የቀረችውን የመጨረሻ እፍኝ። በማሳ አሥር ዓመት የሚፈጀውን ማዳቀል በብልቃጥ በሦስት ዓመት እንጨርሰዋለን ብላ ቃል የገባችላቸው ደግሞ ሶረቲ ራሷ ነበረች።

ሽማግሌው ነጭ ጋዋን ለብሰው፣ አፋቸውን በማስክ ሸፍነው ከጎኗ ቆመዋል። «አለቀ ያልኩት ዘሬ ይቺ ናት?» አሉ።

«አዎ አባባ። ወደ አዲስ ብልቃጥ ላዛውራት ነው።»

«እንግዲያ ሳትመረቅማ አትሄድም። አፍ ተሸፍኖ ደግሞ ምርቃት የለም» ብለው ማስኩን ወደ አገጫቸው ሳብ አደረጉ። እጇን ሳትሰበስብ ጎንበስ አሉና፣ «እንትፍ! እንትፍ! እደጊ፣ ብዢ፣ ምድሩን ሙዪው!» አሉ።

በቅጠሏ ላይ የምራቃቸው ጠብታ አብለጨለጨ። ሶረቲ ቀና ስትል ሽማግሌው ፈገግ ብለዋል፤ ካወቀቻቸው ጀምሮ ሲስቁ አይታቸው አታውቅም።

«አሜን» አለች። ቡቃያዋን በአዲሱ ብልቃጥ ውስጥ ተከለችና ክዳኑን ግጥም አድርጋ ዘጋችው።

«መቼ መጥቼ ልያት?»

«አይቸኩሉ አባባ» አለች፣ እንደ ደንቡ በክዳኑ ላይ የዕለቱን ቀን እየጻፈች፣ በልቧ ግን የሻጋታውን ሦስት ቀን እየቆጠረች።