ዳኛ የሆነው ጉልበት

በመንዟ ከተማ በመሐል ሜዳ የስንታየሁ ጉልበት ከስንታየሁ ይልቅ ታዋቂ ነበር። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው «እንደምን አደርክ?» አይለውም፤ «ጉልበትህ እንዴት አደረ?» ነው የሚለው። እሱም ይመልሳል። በዝርዝር ይመልሳል።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የአንድ ትልቅ የአዲስ አበባ ክለብ ተከላካይ ነበር። አንድ ቀን ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ሲጫወት አጥቂ ሊከተል ዞረ። ገላው ዞረ፤ ታኬታው ግን ፕላስቲኩ ላይ እንደ ተተከለ ቀረ። መሐል ያለው ጉልበቱ ማንን እንደሚከተል ሲያመነታ ጅማቱ ተበጠሰ። አጥቂውም ጎል አገባ። «ለነገሩ ባልወድቅም ያገባ ነበር» ይላል ስንታየሁ ራሱ።

አሁን የከተማዋን ቡድኖች ያሠለጥናል። ዘንድሮ አዲስ ሜዳ ሊሠራ ሲታሰብ የሜዳው ኮሚቴ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ የተፈጥሮ ሣር ይሁን አለ፣ ግማሹ ፕላስቲክ። ስንታየሁ በየስብሰባው እያነከሰ ይነሣል። ከስብሰባ ውጭ ያን ያህል አያነክስም ይባላል።

«ፕላስቲክ እግር ይይዛል! በፀሐይ ይግላል፣ የወደቀን ሰው ቆዳ ይልጣል። ልጆቻችንን እንደ እኔ ልታደርጓቸው ነው?»

የሴቶቹ ቡድን አምበል ትሕትና ናት የተከራከረችው። ባለፈው በጋ በአሮጌው ሜዳ ወድቃ ክንዷ ተሰብሮ፣ ሦስት ወር አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ከርማለች።

«ጋሼ፣ አንተ የምትለው ሣር የት አለ? ክረምት ጭቃ ነው፤ በጋ ውርጭ ያቃጥለውና ድንጋይ ይሆናል። እኔን የሰበረኝ ፕላስቲክ አይደለም።»

«ውሃ የሚጠጣ፣ በወቅቱ የሚታጨድ፣ ከበግ የሚጠበቅ ሣር ነው እኔ የምለው!»

«ከበግ ማን ይጠብቀዋል?»

በመንዝ ይህን ጥያቄ የመለሰ ሰው የለም። ስንታየሁም ሲጨንቀው ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ጉልበቱን ጠራ።

«እንግዲያው ጉልበቴ ዳኛ ይሁን! ሁለቱንም አንጥፉልኝ፤ ዓይኔን ታስሬ ልሂድባቸው። ካልለየሁ ፕላስቲኩን ራሴ ተሸክሜ አነጥፋለሁ፤ ስለ ጉልበቴም ዳግመኛ አላወራም።»

ይህ የመጨረሻው ቃል ኮሚቴውን አማለለው። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ጌታነሽ ሐሳቡን ሳይቀይር ቶሎ ቃለ ጉባኤ አስያዙ።

የተፈጥሮው ሣር ከወንዝ ዳር ጨፌ ከነአፈሩ ተቆርጦ ሜዳው ዳር ተነጠፈ። የፕላስቲኩን ናሙና እንዲያቀርብ የታዘዘው አብዱልሀኪም የሚባል፣ ከቆላ መጥቶ የግንባታ ዕቃ የሚነግድ ሰው ነው። ስንታየሁ አላመነውም። «ፕላስቲኩ ላይ አፈር ነስንሶ፣ ውሃ አርከፍክፎ ሊሸውደኝ ነው» እያለ ሁለት ቀን ሲብሰለሰል ሰነበተ።

በቀጠሮው ቀን ረፋዱ ላይ፣ አጮለቀ እንዳይባል፣ የድሮ ክለቡን ሻርፕ ዓይኑ ላይ ያሠረው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ነው። በጎረቤቱ እየተመራ መጣ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ከአጥር ጋር ተጋጭቶ ሁለት ጊዜ አጥሩን ይቅርታ ጠየቀ።

ሜዳው ዳር ሰው ተሰብስቧል።

«ትንሽ እንጠብቅ፣ ስንታየሁ» አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ።

«ምኑን ነው የምንጠብቀው?»

«አብዱልሀኪም አንድ ነገር...»

«አውቄዋለሁ! ውሃ ሊያርከፈክፍበት ነው! እትዬ ጌታነሽ፣ አንዲት ደቂቃ አልጠብቅም።»

«ኧረ ወንድሜ፣ ስማኝ እንጂ» አለ አብዱልሀኪም።

«አንተን አልሰማም! አንድ ቃል ብትተነፍስ ፍንጭ ሰጠኸኝ ማለት ነው፤ ውድድሩ ይሰረዛል።»

አብዱልሀኪም ወደ ወይዘሮ ጌታነሽ ዞረ።

«በል እንዳልክ ይሁን» አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ።

ትሕትና ክንዱን ይዛ አስገባችው። ስንታየሁ ታኬታውን አጥብቆ ሄደ፣ ዞረ፣ ሮጥ ሮጥም አለ። ጉልበቱ ቅባት እንደ ጠጣ በር ያለ ድምፅ ታጠፈ፣ ያለ ድምፅ ተዘረጋ።

«ይሄ ሣር ነው!» ብሎ ጮኸ። «እፎይ አለልኝ! መሬቱ ሲተነፍስ ይሰማኛል!»

«ልክ ነህ» አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ። ሰዉ አጨበጨበ።

«አሁን ደግሞ ሁለተኛውን!»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ትሕትና «ና ጋሼ» ብላ አንድ ዙር አዞረችውና ወደ መጣበት መልሳ ጥቂት አስኬደችው።

ገና በሦስተኛው እርምጃ ያ የጥንቱ ሕመም ጉልበቱን ወጋው። ማስመሰል አልነበረም፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ሊዞር ሲል ታኬታው ተያዘበት። ግለቱ በጫማው ሥር ዘልቆ ውስጥ እግሩን ለበለበው።

«አውጪኝ! አውጪኝ ከዚህ፣ ልጄ!»

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ፕላስቲክ ነዋ! ይህን ነፍሰ በላ በሕልሜም አውቀዋለሁ!»

አንድ ሰው ሳለ። ሌላው ሊስል ሲል ሳቅ የሚመስል ነገር አመለጠው። ስንታየሁ ተሸናፊዎቹ ሐፍረታቸውን ሲሸፋፍኑ መሰለውና አዘነላቸው። ዓይኑን እንደታሰረ፣ አንድ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሌላውን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ንግግር ጀመረ።

«ወገኖቼ! ሰው ይዋሻል። ነጋዴ ይዋሻል። እኔም ስለ ተከላካይነቴ አንዳንዴ ዋሽቻለሁ። ጉልበት ግን ዋሽቶ አያውቅም! ዛሬ በዓይናችሁ ያያችሁትን...»

ከመንገዱ ዳር አንድ ሚኒባስ ቆመ፤ ሾፌሩም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ተጣራ፦

«አብዱልሀኪም! የፕላስቲክ ሣርህን ከደብረ ብርሃን ይዤልህ መጣሁ፤ የት ላውርደው?»