የተቀጠለው ክር

«ዓይኔ እየጠፋ ነው ያልኩትን ቁረጠው» አሉ አባት። «በሰው አገር ሆና እንዳትባባብኝ።»

መካነ ሰላም ከተማ የባዮሎጂ አስተማሪ የሆነው ልጃቸው፣ ጅዳ ላለችው እህቱ የሚላከውን፣ የአባቱ ድምፅ የተቀዳበትን የካሴት ክር በምላጭ ቆርጦ ቁራጩን ወለሉ ላይ ጣለ፤ ጫፍና ጫፉንም በፕላስተር ቀጠለው። «የርስዎ ሕመምም እንደዚሁ ነው አባባ። ሰውነታችን ከዘር የወረሰውን መልእክት ይገለብጣል፤ ትርፉን ቆርጦ የሚፈልገውን ይቀጥላል። ዓይንዎ ውስጥ ይኼ ቆርጦ የሚቀጥለው ነገር ነው የተበላሸው። በዘር ይወርዳል፤ ሲጀምር ጨለማ ላይ ያደናብራል።»

አባት የሴት ልጃቸው ናፍቆት ሲብስባቸው እንደሚያደርጉት፣ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ብላ ለዒድ የላከችውን ካሴት ከኪሳቸው አወጡ። መልኳን ዳግመኛ ማየቱ ቢቀር፣ ድምፅዋ ያለበትን ክር መዳበስ ያጽናናቸው ነበር። ልጁ በእስክሪብቶ ቀስ እያለ ሲያጠነጥንላቸው አውራ ጣታቸውን ክሩ ላይ አሳረፉ። መሐል ላይ ጣታቸው ፕላስተር ነካ።

«ይኼን ደግሞ መቼ ቀጠልከው?»

«እኔ አልነካሁትም አባባ። ከጅዳ እንዲሁ ሆኖ ነው የመጣው።»

አባት ካሴቱን ደረታቸው ላይ ለጥፈው «እሷም ቆርጣለች» አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ወለሉን በመዳፋቸው ያስሱ ጀመር።

«ያችን የጣልካትን ቁራጭ ፈልጋት» አሉ። «ወደ ቦታዋ መልሳት።»