አፍ የሌላት መንኮራኩር

«ኧረ በሩ አመለጠሽ!» አለ ጸጥታ ከመስተዋቱ ወዲያ። «ወለል ብሎ ከተከፈተ በኋላ ‹በሩ ተከፍቷል› ማለት ምን ይባላል? ሰውዬው ዓይን የለውም እንዴ? በሉ እንደገና!»

ጸጥታ ድምፅ ቀጂው ነው። «ጸጥታ!» ብሎ ሳይጮህ ሥራ ጀምሮ ስለማያውቅ ስሙ እሱው ሆኖ ቀረ። እሷንም ቢሆን እዚህ ቤት በስሟ የሚጠራት የለም፤ መንኮራኩር ነች። የውጭውን የጠፈር ተከታታይ ፊልም ወደ አገር ቋንቋ ሲመልሱት የምትናገረዋን መንኮራኩር ድምፅ ለእሷ ሰጧት፤ ከዚያ ወዲህ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ባለች ቁጥር ሾፌሩ ዞሮ «እባክሽ አንዴ ‹ኦክስጅን በቂ ነው› በይልኝ» ይላታል። ሊፍት ፈርታ ፎቁን ሁሉ በእግሯ የምትወጣ ሴት እኮ ናት ጠፈር ለጠፈር የምትዞረው!

አጠገቧ፣ ሌላኛው ማይክሮፎን ፊት፣ የፊልሙን ካፒቴን የሚናገረው፣ ካፒቴኑ ቆሟል። ካፒቴኑ ባሏ ነው፤ ወይም ነበር፤ እሱን ገና የወሰነ የለም። ከተኳረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ እሱ ወንድሙ ቤት ነው የሚያድረው። በምን እንደተጣሉ ቢጠየቁ ሁለቱም በወጉ አይመልሱም። ነገሩ ከሚያፈስ ቧንቧ ነበር የጀመረው፤ ከዚያ የእሷ እናት ተነሱ፣ ከዚያ የእሱ እናት ተነሱ፤ እናቶች ከተነሱ ደግሞ ማን ይመልሰዋል!

ዛሬ የመጨረሻው ክፍል ይቀዳል። እንዳለቀም ካፒቴኑ በማታው አውቶቡስ ተሳፍሮ አዲስ ሥራ ወዳገኘበት ከተማ ይሄዳል። ሻንጣው በሩ ሥር ቆሟል። ለሽርሽር ብላ እሷው የገዛችለት ሻንጣ ነው፤ ካየችው ጀምሮ እግሯ አላርፍ ብሏል።

«እግርሽን!» አለ ጸጥታ። «ማይኩ ወለሉን እየቀዳ ነው።»

ጫማዋን አወለቀች።

አትሂድ ልትለው ነበር የመጣችው። ደረጃውን ስትወጣ በየእርከኑ ስትለማመደው ነው የመጣችው። ስትገባ ግን ከአፏ የወጣው «ሻንጣህ መንገድ ዘግቷል» የሚል ሆነ። እሱም «ይቅርታ» ብሎ ወደ ግድግዳው አስጠጋው፤ በቃ፣ ያ ነው ጨዋታቸው። ኩራት ራት ነው ይላሉ፤ እሷም ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ራት ብቻዋን ስትበላ ነው የከረመችው።

የዚህ ሙያ ሰው ኑሮው ከአፍ ጋር ነው። ፊልሙ ላይ ያለው ሰው አፉን ሲከፍት መክፈት፣ ሲገጥም መግጠም። በዚህ በኩል ካፒቴኑን የሚያህለው የለም፤ አንድም ቀን ከንፈር አምልጦት አያውቅም። እሷ ግን አፍ የላትም። ድምፅዋ የሚመጣው ከመንኮራኩሯ ግድግዳ ነው፤ በሩ ሳይከፈት እስከሆነ ድረስ ባሻት ጊዜ ብትናገር የሚያውቅባት የለም። ባልደረቦቿ በዚህ ይቀኑባታል። ዛሬ ግን ያው ነፃነት ጉድ አደረጋት፤ አሁን ልበል፣ ትንሽ ልቆይ ስትል በሩ ያመልጣታል።

ያለባትም እኮ አንዲት መስመር ናት። መንኮራኩሯ ነዳጅ ጨርሳለች፤ ካፒቴኑ በትንሿ የማምለጫ ጀልባ ነፍሱን ሊያተርፍ፣ እሷን እዚያው ጨለማ ውስጥ ሊተዋት ነው። «በሩ ተከፍቷል፣ ካፒቴን። መልካም ጉዞ ይሁንልዎ» ትላለች። እሱ ዞር ይልና ፊቱ ስክሪኑን ሞልቶት «ስላደረግሽልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ፤ ደህና ሁኚ» ይላል። ፊልሙ አለቀ።

«ደክሞሽ ከሆነ እረፍት እንውሰድ» አለ ካፒቴኑ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

«አልደከመኝም። አውቶቡስ የሚያመልጠው አንተን ነው።»

«አያመልጠኝም።»

«እንደዚያ ከሆነ ጥሩ።»

«ጥሩ።»

«ኧረ እናንተ ሰዎች፣ እኔም ቤት አለኝ!» አለ ጸጥታ። «አንድ በር ለመክፈት ይሄ ሁሉ! ይሄ የመጨረሻው ነው። ካልሆነ ከድሮ ክፍሎች ድምፅሽን ለቃቅሜ እገጥመዋለሁ፤ አንቺም አታስፈልጊኝም። ጸጥታ!»

ቀዩ መብራት በራ። ስክሪኑ ላይ ካፒቴኑ የራስ ቁሩን በብብቱ ይዞ በኮሪደሩ መጣ። እሷ የምታየው ግን ያኛውን አይደለም፤ አጠገቧ የቆመውን ነው። የሸሚዙ ኮሌታ በአንድ በኩል ወደ ውስጥ ታጥፏል። ጠዋት ጠዋት የምታስተካክልለት እሷ ነበረች። የወንድሙ ቤት ሰው ኮሌታ አያይም ማለት ነው! በደንብ ተናደደች፤ ከንዴቱ ሥር ደግሞ ፍርሃት ነበር፣ እዚያ ማዶ ከተማ ኮሌታውን የምታይለት ሌላ ሴት ትመጣለች የሚል ፍርሃት።

ስክሪኑ ላይ ካፒቴኑ በሩ ጋ ደረሰና ቆመ። ጸጥታ ከመስተዋቱ ወዲያ እጁን አወናጨፈ፤ በይ፣ በይ እንጂ!

«አትሂድ» አለች።

ያለችው በመንኮራኩሯ ድምፅ ነው፤ ኦክስጅን በቂ ነው በምትልበት፣ በዚያ በረጋው። ሌላ ድምፅ አልመጣላትም።

በሩ ተከፈተ። ጸጥታ ሊያቆመው እጁን ወደ ማሽኑ ሰደደና ሁለቱን አይቶ መለሰው። አጠገቧ ያለው ሰው የያዘው ወረቀት ተንኮሻኮሸ፤ ማይኩ ያን ቀድቶታል።

ስክሪኑ ላይ ካፒቴኑ ዞረ። ፊቱ ስክሪኑን ሞላው። አፉ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ እንደገና ተከፈተ፤ ምስጋናውን እስከ መጨረሻው ተናገረ፣ ስንብቱን ተናገረ፤ ድምፅ ግን አልወጣም፤ አጠገቧ ያለው ካፒቴን አፉን እንደገጠመ ነበር።