በስሙ ጠይቅ

ተክለማርያም ጅጅጋ ላይ የመኪና መለዋወጫ ይሸጥ በነበረበት ጊዜ ከዕቃው ይልቅ የዕቃው ስም ይበልጥበት ነበር። ዛሬ በራሱ እየሳቀ ሲያወራው፣ "ሱቅ የከፈትኩ መስሎኝ ለካ ትምህርት ቤት ነው የከፈትኩት" ይላል።

ከባንኮኒው በላይ በእጁ የጻፈው ዝርዝር ተለጥፏል፤ የእያንዳንዱ ዕቃ ትክክለኛ ስም፣ ከጎኑም ሰው የሚሳሳትበት። በስሙ ያልጠየቀ ደንበኛ ባዶ እጁን ይወጣል።

አንድ ቀን የቶጎጫሌ መስመር የኢሱዙ ሹፌር የሆነው ሮብሌ ያረጀ ብረት በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። የከተማው ልማድ ነው፤ ሰው አሮጌውን ይዞ ይመጣል፣ አምሳያውን ገዝቶ ይሄዳል።

"ይቺን የመሰለች ስጠኝ፣ ጋሽ ተክሌ።"

"አስቀምጣት! ምላስ የለህም? በስሟ ጠይቅ።"

"ያቺ... ጎማው ውስጥ የምትሽከረከረው።"

"ጎማ ውስጥ ያለው አየር ነው! ኩሽኔታ በል።"

"ወይ ጣጣ! መኪናዬ ከነቲማቲሟ መንገድ ላይ ቆማለች እኮ!"

ሮብሌ ጨርቁን መልሶ ጠቀለለና ከማዶ ዲሪዬ ሱቅ ገባ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አዲስ ኩሽኔታ ይዞ ወጣ።

ዲሪዬ ከደምበል መጥቶ ፊት ለፊት ሱቅ ከከፈተ ገና ሦስት ወሩ ነው። በሦስት ወር ውስጥ የተክለማርያም ደንበኛ ሁሉ ወደዚያ ተሻገረ። እንዲህ ከቀጠለ ሱቁን ዘግቶ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ አገሩ መግባቱ ነው። ይህን ሲያስብ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል።

የዲሪዬ ደግሞ ትዕቢቱ! ጠዋት ጠዋት "እንዴት አደርክ?" ሲሉት ሰውን ዘግቶ በሩን ይከፍታል። የጭነት መኪና ከኋላው ጡሩምባ ሲያንባርቅበት ዞር አይልም፣ መንገዱን አባቱ ያወረሰው ይመስል። ደንበኛ ሲያናግረው ትክ ብሎ አፍ አፉን ያያል። ይሄኔ ተክለማርያም ደሙ ይፈላል። እንዲህ አድርጎ የሰው አፍ የሚያይ ስህተት የሚለቅም ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ራሱም የሚያየው እንዲሁ ነዋ።

"ዝርዝሬን ገልብጦብኛል፤ ስሙን ሁሉ ከኔ ነው የሸመደደው" አላት ሚስቱን ታንጉትን።

"ታዲያ ሰው አትጠይቅም?"

ሮብሌን ጠየቀው።

"ጋሽ ተክሌ፣ ዲሪዬ እኮ እንደ ሌላው ሰው ወሬ..."

"ወሬ የመንደር ነው! ለነጋዴ ንግግር ነው የሚባለው።"

ሮብሌ እጁን አራግፎ ሄደ። ሌሎቹም ሊነግሩት ሞክረው ነበር፤ ማን አስጨርሷቸው!

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተክለማርያም ቆረጠ። ከአሮጌ ፊያት የተፈታች አንዲት ትንሽ ብረት ይዞ ተሻገረ። ስሟን እሱ ራሱ ያገኘው ሦስት መጽሐፍ አገላብጦ ነው። የዲሪዬ ሱቅ በደንበኛ ተጨናንቋል፤ ሮብሌም አለ።

"ስማ!" አለ ተክለማርያም ሰው ሁሉ እንዲሰማው። "ይቺ ዝርዝሬ ላይ የለችም። ስሟን ከተናገርክ ሱቄን ዛሬውኑ እዘጋለሁ። ካልተናገርክ ግን የኔን ዕውቀት እንደሰረቅክ በሰው ፊት ታምናለህ!"

ዲሪዬ ፈገግ አለ። ብረቷን ከእጁ ተቀብሎ አገላበጣት፣ ጠርዟን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ወደ መደርደሪያው ሄዶ ቁርጥ እሷን የመሰለች አዲስ አምጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት።

"ዕቃውን ማን ጠየቀህ? ስሙን ነው ያልኩህ፣ ስሙን!"

ሮብሌ መሬት መሬቱን ያያል። የዲሪዬ ሚስት ሙና ጩኸቱን ሰምታ ከጓዳ ብቅ አለች።

"ጋሼ፣ በከንቱ አይድከሙ፤ ዲሪዬ እኮ ከተወለደ ጀምሮ የአንድም ነገር ስም ሰምቶ አያውቅም።"